ቂም ያለው ይነሣ

ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና እንደ እናት ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለእትዬ ኤልፍነሽ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ጋሼ ለገሠስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሰው መኪና ሳልጋጭ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ያው ነው። ዌስትቼስተር አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ተቀብዬ አቆማለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ግን የጤና ደብዳቤ አይደለም። ተቀምጠው ያንብቡት፤ ጋሼ ለገሠ አጠገብዎ ካሉም ወደ ጓዳ ይግቡ።

ክፍሉን አገኘሁት። የፋብሪካውን የስፖርት ክለብ ጸሐፊ፣ ጋሼ ለገሠ ከእግር ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝነት ሲባረሩ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ግርጌ የፈረመውን ያንን ክፍሉን።

እዚህ ያለን አበሾች እሑድ እሑድ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ እንጫወታለን። እኔ እንኳ አልጫወትም፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማን ስንት እንደወረወረ፣ ማን ስንት እንደመታ በመዝገብ እጽፋለሁ። ጨዋታውን ላስረዳዎት ብል ወረቀቱ ያልቃል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ መትቶም ይሮጣል። የእኛ ልጆች የሚሮጡት ጥቂት ነው። ዘንድሮ ከሜክሲኮዎች፣ ከኮሪያዎችና ከሆቴል ሠራተኞች ቡድን ጋር አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጥመን ዘጠኙን ተሸንፈናል።

የቡድኑ አለቃ ማኔጀር ይባላል፤ በእኛ አሰልጣኝ መሆኑ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው እሱ ነው። የእኛው ማኔጀር ክፍሉ ነው። ከፋብሪካው ከለቀቀ በኋላ አስመራ በአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ሜዳ ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ ነው ጨዋታውን የለመደው። አሁን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የአንድ አፓርትመንት ጠባቂም ጠጋኝም ሆኖ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ሞታበታለች። የልጆቹን መለያ እያጠበ እሑድን ይጠብቃል፤ ከዚያ ቡድን ሌላ ኑሮ ያለው አይመስለኝም።

እኔ እስከ ግንቦት ድረስ ‹ጋሼ ክፍሉ› እያልኩ ስጠራው ነበር፤ ስንት ክፍሉ አለ ብዬ አላሰብኩትም። አንድ ቀን የውድድሩን ፎርም ሲፈርም ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ያን ወረቀት ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ሳነበው አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ፊርማዋን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እሱ ግን አላወቀኝም።

አሁን ልጆቹ ሊያባርሩት ይፈልጋሉ። የፈረንጅ ቡድን ቢሆን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሂድ ይለዋል፣ ያበቃል። የእኛ ቡድን ባለቤት የለውም፣ ሁላችንም ነን ያቆምነው። ስለዚህ እንደ ባልና ሚስት ጠብ ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ። ከሳሾች አንድ ይመርጣሉ፣ ተከሳሽ አንድ ይመርጣል፣ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ሰው ይሰበስባል። ክፍሉ የእኔ ሽማግሌ ብሎ የመረጠው ማንን ይመስልዎታል? እኔን።

ይምከሩኝ እላለሁ እንጂ የምመከር አይመስለኝም። በገዛ እግሩ መጥቶ እጄ ውስጥ ገብቷል።

የወንድምዎ ልጅ
አምደሚካኤል ሞገስ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምደሚካኤል፤

አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጠላትህንም ከእግርህ ሥር ያውልልህ። እንዲህ ብዬ ስመርቅህ የኖርሁት በልማድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአንጀቴ ነው። ደብዳቤህ ተከፍቶ ተመልሶ የታሸገ ነው። የከፈተው ሰው ጨዋታው ከገባው መጥቶ ያስረዳኝ፤ ለእኔ እንደሆነ አልገባኝም። ስለ ሰፈራችን አትጠይቀኝ። እኔና ለገሠ አለን፤ ይኸው ይበቃሃል።

ክፍሉ አለ በለኛ። እኔ እኮ የሞተ መስሎኝ፣ ሳልደርስበት ሞተ እያልሁ ስቆጭ ነበር።

ሃያ ጊዜ የነገርሁህን ሃያ አንደኛ ስማ። ለገሠ ያን ቡድን ከምንም ተነሥቶ ነው ያቆመው። ከሥራ በኋላ የደከማቸውን ሰዎች እየለመነ፣ ማልያ እኔ እየሰፋሁለት። አባትህም ነፍሱን ይማረውና በረኛው ነበር። በሃምሳ ስምንት ለፋብሪካዎቹ ዋንጫ ደርሰው አራት ለባዶ ተሸነፉ። ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ረቡዕ ጧት ለገሠ የኳሱን ከረጢት ተሸክሞ በሩ ጋ ሲደርስ ሠራተኛው ተኮልኩሎ ወረቀት ያነባል። እሱም ከኋላ ቆሞ አነበበ። ‹አሰልጣኙ ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ ስለሌለው ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል። ጸሐፊ፣ ክፍሉ።›

ለገሠ ነው መልስ የሚያጣው? የተናገረውን ቆርጦ ጥሎበት ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ቀበሌው የሰፈሩን ልጆች አሠልጥን ቢለው እግሬን ያመኛል አለ፤ እግሩ ከእኔ እግር ይሻላል። ሬዲዮኑ ኳስ ሲያስተላልፍ ተነሥቶ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ቁስሉን አልነካበትም ብዬ አላነሣሁበትም። ቂሙን ግን እኔ አሳድጌለታለሁ፣ ልጅ ስላልሰጠን እሱን አሳደግሁ።

ምክር ካልህ ምክሬ ይኸው። እንዳይናገር አድርግ፤ ቢናገርም አትስሙት። ሲባረርም በቃል ሂድ ተብሎ እንዳይታለፍ። ወረቀት ተጽፎ የሚኖርበት በር ላይ ይለጠፍበት፣ ወጪ ወራጁም ያንብበው። ለለገሠ አልነገርሁትም። ሲያልቅ በራሴ አፍ አበሥረዋለሁ።

የንባብ መነጽር ብታገኝለት ጥሩ ነው፤ ጋዜጣውን በክንዱ ልክ አርቆ ነው የሚያነበው።

አክስትህ ኤልፍነሽ


ሎስ አንጀለስ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ያነበብኩት። መነጽሩን በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ አሁን ግን ዋናውን ነገር ይስሙ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥን። ከፓልምስም ከሚድ ዊልሻየርም ሰው እየነዳ መጥቶ የወይንሸት ቤት ሞላ። ወይንሸት ማለት ዋናዋ ከሳሽ ናት፤ የወርዋሪያችን የሰይፉ ታላቅ እህት። ሰብሳቢው ጋሼ በየነ ድሮ ፍርድ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሥርዓት ይወዳሉ። ገና ወንበር ሳንስብ ቆመው፣ ‹እንደ ወጉ ልጠይቅ። ከሁለቱ ወገን በአንዱ ላይ ቂም ያለው ሽማግሌ ይነሣ› አሉ። የከሳሾቹ ሽማግሌ ተኮላ ‹የለኝም› አለ። እኔም ‹የለኝም› አልኩ። ክፍሉ ከማዶ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም።

ወይንሸት ቀጠለች። ‹ኦኬ፣ እኔ ሁለት ነገር ነው ያለኝ። አንደኛ፣ ሰውየው ተራውን በዕድሜ ነው የሚያደርገው። በዕድሜ! ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ጋሼ ታዬ አንደኛ ይመታሉ። አንደኛ የሚመታ ሰው እኮ መሮጥ አለበት። ሶ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ነው የምንሸነፈው። የዚህ አገር ማኔጀር እንዲህ ቢያደርግ በማግሥቱ ፋየር ይደረጋል።›

ሰው ሳቀ። ጋሼ ታዬ አልሳቁም። ክፍሉ ተጠየቀ፤ ተነሥቶ እንዲህ አለ። ‹መጀመሪያ በችሎታ ነበር የመደብኩት። ማን ከማን ይበልጣል ተብሎ ሦስት ሰው ተኳረፈ፤ ሁለቱ በአንድ መኪና መምጣት ተዉ። በዕድሜ ሳደርገው ማንም አልተቀየመም። ያሉኝ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቢያኮርፍ ጨዋታ የለም።› እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እውነትም ያናድዳል።

ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው። በግንቦት መጨረሻ ሰይፉን ሳያወጣው መቶ አርባ አንድ ኳስ አስወረወረው። ልጁ ክርኑ አበጠ። ጎማ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሦስት ሳምንት ጎማ ማንሣት አቃተው። ወይንሸት ይህን ስትናገር ተነሥታ ቆመች። ‹የወንድሜን ክንድ ጨረሰው። ዝም ብሎ እያየ።› ሰይፉ ከጎኗ አቀርቅሮ ምንጣፉን ያያል። እጮኛው ምንትዋብና አባቷም እዚያው ተቀምጠዋል።

አሁን የምነግርዎትን ሌላ ሰው አያውቀውም። ያን ቀን በስድስተኛው ዙር ልጆቹ ለዕረፍት ወደ አግዳሚው ሲመለሱ ክፍሉ ሰይፉን ጠርቶ ‹በቃህ፣ ክንድህ ወድቋል፣ ሌላ ሰው አስገባለሁ› አለው። አጠገባቸው ነበርኩ። ሰይፉ እጁን ይዞ ለመነው። ‹ጋሼ ክፍሉ፣ በሞቴ፣ የምንትዋብ አባት እያዩ አያውጡኝ።› ሰውየው ልጄን ለጎማ ቀያሪ አልሰጥም ብለው ሲያንገራግሩ ከርመው፣ ያን ቀን ሊያዩት መምጣታቸው ነበር። ክፍሉ አንድ ጊዜ ወደ ተመልካቹ አየ፣ አንድ ጊዜ የልጁን ክንድ አየና ተወው። እኔም እንደ ልማዴ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፦ ‹6ኛው ላይ ማኔጀሩ ሊያወጣው ፈለገ፤ ሰይፉ ለምኖ ቀረ።›

ሰይፉ ለእህቱ አልነገራትም። አማቱ ፊት ‹ለምኜ ነው› ብሎ እንዴት ይናገር። የገረመኝ ክፍሉ ነው። ‹ስለ ልጁ ክንድ ምን ትላለህ?› ሲባል ‹የምለው የለኝም። መዝገቡ እሱ ጋ ነው› ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። መዝገቡ ቤቴ ስለነበር በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብ ተባለ።

ያችን መስመር ከእኔ በቀር ያየ የለም።

አምደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለአምደሚካኤል፤

እመቤቴ በፍልሰታዋ ትጠብቅህ። እኔን ግን አትጠይቀኝ፤ ጾሙን ጾሜ ቂሙን አልጾምሁም። ቆራቢዎቹ መሐል ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ ያንተ መዝገብ ላይ ነበር። ለንስሐ አባቴ አልተናገርሁም፤ ቢሰሙ ቅጣቱ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል።

ያችን መስመር እለፋት። ምን ያስጨንቅሃል? አልዋሸህም፣ አልጨመርህም፤ ሳታነብ ማለፍ ነው። ክፍሉ ራሱ ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊ ምን መጣል እንደሚችል እሱ ያስተማረን ነገር ነው።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ ጨዋታው ባላውቅም ስለ አለቃ አውቃለሁ። ይህ ሰው መባረር ይገባዋል። ልጁ ለመነው እንበል። ልጅ ሲለምን እሺ የሚባልበት ነገር አለ፣ እምቢ የሚባልበት ነገር አለ። የልጁ ክንድ እንጀራው ነው። አለቃ የተባለው ለምን ሆነና? አንተ ውጣ ብለህ ብታወጣው ልጁ አንድ ቀን ያፍራል፤ ብትተወው ክንዱ ተጎድቶ ይቀራል። ልቡ የራራ መስሎት ሰው የሚያስጎዳ አለቃ ከጨካኙ ይብሳል። ቂም ባይኖረኝም እንዲሁ ነበር የምፈርደው።

ለገሠ ትናንት ምን እያነበብሽ ነው የምትስቂው አለኝ። የልጁ የሥራ ወሬ ነው አልሁት። ሰላም በይልኝ ብሎ ወጣ።

መነጽሩ ይቅር። ፎቶግራፍ አንሣልኝ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሲያነብ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ኤልፍነሽ


ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 15 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ። ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ መዝገቡን ይዤ ሄድኩ። ዙር በዙር አነበብኩላቸው። አንደኛው አሥራ ስድስት ኳስ፣ ሁለተኛው ሃያ አንድ፣ እያልኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ቁጥሩን ብቻ አነበብኩና ገጹን ገለጥኩ። ሰይፉ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያደርገዋል ብሎ የፈራውን ነገር እንዳላደረግኩ ሲያውቅ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። መቶ አርባ አንድ ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

ጋሼ በየነ ወደ ክፍሉ ዞሩ። ‹ሰማህ። የቀረ ነገር አለ?› አሉት።

‹ካለ መዝገቡ ይናገር ነበር› አለ ክፍሉ። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም።

ሦስታችንም ባንድ ቃል ይሰናበት ብለን ፈረድን። ተኮላ በደብዳቤ ይነገረው አለ፤ እኔ ወረቀቱ ይለጠፍ ብዬ ሙጥኝ አልኩ። ‹ወይ ጉድ፣ እሱ እኮ የራሱ ሽማግሌ ነው› ሲሉ ሰማሁ። ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ‹ማኔጀሩ ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ ስለሌለው ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።› ቃል በቃል። እሑድ ጧት ፌርፋክስ ሄጄ በምድር ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩና መንገዱን ተሻግሬ ካሜራዬን ይዤ ጠበቅኩ።

ወተት ገዝቶ ሲመለስ አገኘው። ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ። ፊቱ በደንብ ይታያል። አንብቦ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። ከዚያ ዞር ሲል አየኝ፤ ተሻግሬ ሄድኩ፣ መደበቅ አልፈለግኩም።

‹ይህ የጋሼ ለገሠ ነው› አልኩት።

‹ገብቶኛል› አለኝ። ‹የሞገስ ልጅ አይደለህ። ስምህን የነገርከኝ ቀን ነው ያወቅኩህ።› ወተቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ‹አባትህ ጥሩ በረኛ ነበር።› ይህን ብሎ ገባ። በሩን እንኳ አልወረወረውም።

አባቴን ለምን እንዳነሣ አልገባኝም። የሞተ ሰው አንሥቶ ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ቀድሞ ካወቀኝስ ለምን መረጠኝ? ምናልባት የሞገስ ልጅ ይራራልኛል ብሎ ይሆናል።

በማግሥቱ የልጆቹን መለያ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ በያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም ሰክቶ ወይንሸት በር ላይ አስቀምጦላት ሄደ። አዲሱ ማኔጀር ተኮላ ነው። ተራውን በችሎታ መደበ። ባለፈው እሑድ ስድስት ሰው ብቻ ስለመጣ ሳንጫወት ተመለስን።

ደስ ብሎኛል አክስቴ፤ እጠብቀው የነበረውን ያህል ግን አይደለም። ጋሼ ለገሠ ሲሰሙ ምን እንዳሉ ቶሎ ይጻፉልኝ። የቀረውን ደስታ ከእርስዎ ደብዳቤ እጠብቃለሁ።

አምደሚካኤል


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ፎቶ ያለበት ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ሁለት ወር ሊሆነው ነው። በመንገድ ቀርቶ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ኔጌቲቩ አለኝ። አሞዎት እንዳይሆን ብዬም ሰጋሁ። ጋሼ ለገሠ ሰሙ?

እዚህ የተለወጠ ነገር የለም። ሰይፉ ለጥር ሊያገባ ነው። ክፍሉ ቤቱን ሊለቅ ነው ይላሉ፤ ለገና ወደ ኦክላንድ ይሄዳል፣ እዚያ የሚስቱ ዘመድ አለው። እሑድ እሑድ ባዶ ሜዳው ዳር ተቀምጦ አየነው የሚሉም አሉ። እኔ አላየሁትም። አሁን በዚያ በኩል አላልፍም።

አምደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1971 ዓ.ም.

አምደሚካኤል፤

ዛሬ ምርቃት የለኝም፤ የምመርቅበት አፍ አጣሁ።

ደብዳቤህ በጥቅምት ደርሶኛል። ለኅዳር ሚካኤል አቆየሁት። በበዓል ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ለገሠ ጠግቦ ሲቀመጥ ላበሥረው ብዬ። ዶሮ አረድሁ። ነጭ ለበስሁ። ከሰኔ ጀምሮ የጻፍኸውን አንድ ሳላስቀር ጮክ ብዬ አነበብሁለት፣ ፎቶውንም እጁ ላይ አደረግሁለት። ያን ቀን ቤተ መንግሥት ጠርተው ቢሾሙኝ ያን ያህል አልኮራም ነበር።

ፎቶውን በክንዱ ልክ አርቆ አየው። ‹ሸብቷል› አለ። ከዚያ ‹ያን ጊዜ በረኛው ማን ነበር?› አለኝ።

‹ወንድሜ ሞገስ ነዋ› አልሁት።

ከዚያ የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፍልሃለሁ። የዋንጫው ጨዋታ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞገስ ሁለት ጣቱን ማሽን ጨፈለቀው። በጨርቅ ጠቅልሎ ጓንት አጥልቆ ደበቀ። ለገሠ ልብስ ሲቀይሩ አየበትና ‹አትገባም› አለው። ሞገስ እግሩ ላይ ወደቀ። ፋብሪካው እጁ የተጎዳ ሠራተኛ አያስቀምጥም፤ ዛሬ ከሜዳ ከቀረሁ ለምን ቀረ ይባላል፣ ነገ ይደረስብኛል፣ ልጄ ደግሞ ገና ትምህርት ቤት ነው አለው። ለገሠም ተወው። አራት ገባበት።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ክፍሉ እውነቱን ያውቅ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አብሯቸው ነበር። ሊጽፈው ብዕሩን አንሥቶ ሳለ ለገሠ ወደ ውጭ ጠርቶ ‹መልስ የለኝም ብለህ ጻፍ› አለው። ክፍሉ እምቢ አለ። ለገሠ በሞገስ ልጅ ለመነው። ሰውየው እያለቀሰ ጻፈ፣ እያለቀሰ ፈረመ። ከዚያ በኋላ በዚያ በር መግባት አልሆነለትም፤ በወሩ ሥራውን ለቅቆ አስመራ ሄደ።

የሞገስ ልጅ አንተ ነህ። ሞገስ ጣቱ ድኖ ስድስት ዓመት እዚያው ሠራ፤ ያስተማረህም፣ አሜሪካ ያሳፈረህም በዚያ ደመወዝ ነው። ክፍሉ አንተን የመረጠው እንድትራራለት አይደለም። የሰው ልጅ ስም ለመሸሸግ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚገባው የእኛ ቤት ልጅ ይሆናል ብሎ ነው። ለገሠ ያስተማረውን ነበር ለሰይፉ ያደረገው። እኛ በዚያው ቀጣነው።

ነሐሴ ላይ የጻፍሁልህን አስታወስህ? ልቡ የራራ መስሎት ሰው የሚያስጎዳ አለቃ ከጨካኙ ይብሳል ብዬ ነበር። በማን ላይ እንደፈረድሁ አየህ? ይህንንም ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ። ለገሠ ‹ልክ ብለሻል› አለኝ። ‹ሞገስን ማስገባት አልነበረብኝም። ሜዳ የማልሄደው ክፍሉን ጠልቼ አይደለም፤ ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።›

‹ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርኸኝም?› ብዬ ጮህሁ። ጎረቤት ሰምቷል። ‹ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?› አለኝ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ተኩል ለመጻፍ ስነሣ ስቀመጥ ነው የከረምሁት። ቂሜ አልሞተም፣ አልዋሽህም። ቤት ውስጥ እየዞረ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። በሞገስ ላይ እንዳላደርገው ሙት ነው። በለገሠ ላይ አንድ ሳምንት አደረግሁት፤ ለብቻው እያቀረብሁለት በላ። በአንተም ላይ አድርጌው ነበር። ረገምሁህ። ከዚያ ያችን መስመር እለፋት ያልሁህ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና እርግማኑን ለራሴ መለስሁት።

ለገሠ መዝገቡን እንዳትከፍት ብሎሃል። ልጁ ሳያገባ ያ ነገር ቢወጣ ክፍሉ የተዋረደው ሁሉ በከንቱ ይሆናል። ሰይፉ ራሱ አንድ ቀን ይናገር፤ ካልተናገረም ይኑርበት። እኔ ብሆን ዛሬውኑ አደባባይ አውጥቼ አነበው ነበር፤ ግን የእኔን ፍርድ አይተነዋል። ለገሠ አሁን ከመስኮቱ ሥር ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ለክፍሉ ሊጽፍ ነው። ከጧት ጀምሮ ‹ወንድሜ ክፍሉ› ከሚለው አላለፈም። የኦክላንዱን አድራሻ ላክለት።

አንተ ግን ሰውየው ከተማውን ሳይለቅ ድረስበት። ሂድና በሩን አንኳኳ፤ ካልከፈተልህ ደጁ ላይ ተቀመጥ። ይቅርታ የሚባለውን ነገር በራስህ አፍ በል፤ እሱን እኔ አላስጠናህም። የእኔን ግን ልክ እንደምጽፍልህ ንገርልኝ። አክስቴ አላወቀችም ነበር ብለህ እንዳታሳምርልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ከባሏ ጋር ባንድ ትሪ በልታ፣ አንድ ቀን ምን ሆነህ ነው ብላ አልጠየቀችውም፤ እንዲህ ብለህ ንገረው።

ኤልፍነሽ